ሰም የተቀባ አባት

ካሜራማኑ የእህቱን ሳሎን መጋረጃ ገልጦ ገና አንድ እግሩን ሲያስገባ ፊቱ ተጨማደደ። መጥፎ ሽታ የለም። ቤቱ እንደ ወትሮው ንጹሕ ነው፤ ወለሉ ተወልውሏል፣ ሻይ ተፈልቷል፣ እናቱም መስኮቱ ስር ካለችው ወንበራቸው ላይ ብርድ ልብስ ጉልበታቸው ላይ ጣል አድርገው ተቀምጠዋል። ፊቱን ያስጨማደደው ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ጉድ ነው።

አዲሱ ቴሌቪዥን ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር ይዞታል። እሱን ለማስገባት ሲባል የእህቱ የብርጭቆ ቁም ሣጥን ተነቅሎ ኮሪደሩ ላይ ተገትሯል፤ ወደ መጸዳጃ ቤት የሚሄድ ሰው ከዛሬ ጀምሮ በጎኑ ነው የሚያልፈው። ስክሪኑ ላይ አንድ ዜና አንባቢ ያወራል። ፊቱ ብርቱካን ሆኗል፣ ጥርሱ ከመንጣቱ ብዛት ወደ ሰማያዊ ሄዷል፣ ክራቫቱ ዓይን ይወጋል። ወረቀቱን ሲገልጥ እጁ ዘይት ውስጥ እንደሚዋኝ ነገር ሙልጭልጭ ይላል።

«እህስ?» አለ የእህቱ ባል፣ ሪሞቱን ደረቱ ላይ እንደ ሜዳልያ ይዞ። «ዝም አልክ እኮ!»

«ምን ልበል ጋሼ?»

«ምን ልበል ይለኛል! አንደኛ ነው በላ!»

የሰፈሩ ሰው ይህን ባለሱቅ «አንደኛ» ብሎ ነው የሚጠራው። በአፉ ከዚህ ሌላ ሙገሳ ስለሌለ ነው። ሳሙናው አንደኛ ነው፣ ሚስቱ አንደኛ ናት፣ ዝናብ የሚያስገባው ጃንጥላው እንኳ «ሲያፈስም አንደኛ» ነው። ቤቱ ከሱቁ ጀርባ ነው፤ ሁለቱን የሚለያቸው አንድ መጋረጃ ብቻ። ጠዋት ጠዋት ቲማቲሙን አንድ በአንድ ዘይት በነካ ጨርቅ ይወለውልና የሚያብረቀርቀውን ከፊት፣ የተጨማደደውን ከኋላ ይደረድራል። ከፊት የሚወጣ ዕቃ ምንጊዜም ምርጡ ነው ብሎ ያምናል፤ በዚህ እምነቱ ከማንም ጋር አይደራደርም።

ካሜራማኑ ግን የመጣው ቴሌቪዥን ሊመርቅ አይደለም። የእናቱ ዓይን እያደር እየጠበበ ነው። ሐኪሙ ሊያቆመው እንደማይችል፣ የቀረውን ሳይዘጋ በደንብ ቢጠቀሙበት እንደሚሻል ነግሯቸዋል። እናት ይህን ሰምተው ቤት ሲገቡ አላለቀሱም። ጫማቸውን አወለቁና ልጃቸውን ጠሩት።

«አባታችሁን አንዴ አሳየኝ» አሉት።

«ፎቶውን ላምጣልሽ እማዬ?»

«ፎቶ ምን ያደርግልኛል? ፎቶ ላይ ሁሉም ሰው ደህና ነው። ሲሄድ አሳየኝ። ሲሄድ ልየው።»

አባትየው አናጢ ነበሩ። ገና በወጣትነታቸው ጣሪያ ሲመቱ ወድቀው ቀኝ እግራቸው ተሰብሮ በጠማማው ተጠግኖ ቀርቷል። ሲሄዱ ያንን እግር ይጎትቱታል፣ ያቆሙታል፣ ከዚያ ደግሞ እንደ ምርኩዝ ይተክሉታል። ሚስታቸው በኮቴያቸው ብቻ ከመንገዱ ማዶ ይለዩአቸው ነበር። ከመሞታቸው በፊት በነበረው ክረምት፣ ልጃቸው አዲስ ካሜራ ሊሞክር ግቢ ውስጥ ቀርጿቸዋል፤ ከእንጨት ሥራ ክፍላቸው በር ወጥተው ወደ ካሜራው ሲመጡና «ሥራ የለህም አንተ?» ሲሉት።

መጀመሪያ በስልኩ ነበር ያሳያቸው። «ጉንዳን ነው ያሳየኸኝ» አሉት። የእህቱ አሮጌ ቴሌቪዥንም ከስልኩ ብዙ አይሻልም። ስለዚህ አንደኛ ይህንን ግዙፍ ነገር ገዝቶ «ለእማማ ዓይን ብዬ ነው» ሲል ካሜራማኑ በስልክ እንባው ነበር የመጣው። አሁን ሲያየው ደግሞ የመጣው ሌላ ነገር ነው።

«በል ፍላሹን ስጠኝ» አለ አንደኛ። «ዛሬ የአማቴን አባት፣ ይቅርታ፣ የሚስቴን አባት እንደ ፊልም ተዋናይ አድርጌ ነው የማወጣቸው።»

«እንደ ራሳቸው ካወጣሃቸው ይበቃናል» አለ ካሜራማኑ።

እህትየው ሻይ እየቀዳች በዓይኗ ገሠጸችው። እናት ወንበራቸውን ወደፊት እንዲገፉላቸው ጠየቁ፤ ስክሪኑ እጅ እስኪነካ ድረስ ተጠጉ። ብርሃኑ ፊታቸው ላይ ሲያርፍ ካሜራማኑ ያንን ማየት ጠላ፤ የእናቱ ጉንጭ በአንዴ የፌሽታ አምፖል ቀለም ያዘ።

ምስሉ ተጀመረ።

ካሜራማኑ የሚተዳደረው ሰርግና ምረቃ በመቅረጽ ነው። ሰው ሲስቅ ጥርሱን ሳይሆን ከሳቁ በኋላ የምትመጣዋን ዝምታ ነው የምቀርጸው እያለ ሙሽሮችን ያሰለቻል፤ ደንበኛ ያላበዛለት ጠባይ ነው። ሁልጊዜ የሚቀርጸው በሰከንድ ሃያ አራት ምስል ነው። ለምን ሃያ አራት እንደሆነ የጠየቀው ሰው ሻዩ ይቀዘቅዝበታል። ባጭሩ፣ በአንዱ ምስልና በሚቀጥለው መካከል ትንሽ ክፍተት አለች፣ እሷን የሚሞላት የተመልካቹ ዓይን ነው ባይ ነው። አዲሶቹ ቴሌቪዥኖች ያችን ክፍተት አይወዷትም። ያልተቀረጸ ምስል ከራሳቸው ፈጥረው ይጠቀጥቁባታል። እንቅስቃሴው ሁሉ ይለሰልሳል፣ ይቀባል፣ ይንሸራተታል።

አባቱም ተንሸራተቱ።

ከሥራ ክፍሉ በር የወጡት ሰውዬ አላነከሱም። በበረዶ ላይ እንደሚነዳ ዕቃ ተንሳፍፈው መጡ። ቀኝ እግራቸው ሲጎተት መሬቷን የሚነክስበት ቦታ ላይ ቴሌቪዥኑ የራሱን ምስል ሞልቶበታል፤ ጉተታውም መቆሙም መትከሉም ተላጭቶ አንድ ወጥ ልስላሴ ሆኗል። ግራጫው ግንብ ሮዝ ሆኗል። ሣሩ የፕላስቲክ ነው። የአባቱ ግንባር፣ ያ እንደ ታረሰ መሬት የተሸነታተረ ግንባር፣ ሰም ተቀብቶ በጨርቅ እንደተወለወለ ያብለጨልጫል። አንዲት ቀዳዳ፣ አንዲት ጠባሳ አልቀረችለትም። ካሜራማኑ የጧት ቲማቲም ትዝ አለው። ሬሳ ሲገንዙ የሚቀቡት ቅባት እንኳ ከዚህ ይሻላል፤ ቢያንስ ሬሳው አይሄድም።

«ማነው ይሄ?» አሉ እናት።

እህትየው ወደ ወንበራቸው ጎንበስ አለች።

«አባባ ነው እኮ እማዬ» አለች እህትየው ቀስ ብላ።

«የትኛው አባባ? ይሄማ ኢንሹራንስ የሚሸጥ ሰውዬ ነው።»

«እማማ በደንብ ይዩት እንጂ!» አለ አንደኛ። «ሃያ ዓመት ነው የቀነሰላቸው! መጨማደድ የለ፣ ማንከስ የለ! እንዲህ አድርጎ የሚያክም ሐኪም አሁን ከየት ይገኛል?»

«ማንም አክምልኝ አላለህም» አለ ካሜራማኑ። «ሪሞቱን ስጠኝ።»

«ረጋ በል። ፕላስቲኩን እንዳታወልቀው።»

ሪሞቱ በላስቲክ ተጠቅልሎ በጎማ ታስሯል። ካሜራማኑ በላስቲኩ ላይ ቁልፎቹን በአውራ ጣቱ እየጨቆነ ሴቲንጉ ውስጥ ገባ። ስለ ካሜራ ብትጠይቁት የሚያቆመው የለም፤ ስለ ቴሌቪዥን ግን የሚያውቀው መናቅ ብቻ ነበር። እንደ ምንም ፈልጎ «የፊልም» የሚለውን መረጠ፣ እንቅስቃሴ የሚያለሰልሰውን አጠፋ፣ ቀለሙን ቀነሰ፣ የምስሉን ስለት አወረደ። ብርቱካኑ ከአባቱ ፊት ላይ ቀስ ብሎ ተገፈፈ። ግንቡ ግራጫ ሆነ። ከመጀመሪያው አስጀመረው። በሩ ተከፈተ፣ እግሩ ወጣ፣ ተጎተተ…

«ቆይ እስቲ» አሉ እናት አንገታቸውን አስግገው። «ቆይ እስቲ፣ ይቺ…»

በዚህ መሃል ስክሪኑ ራሱን ነቀነቀና ቀለሙ አበጠ። ማንም ሳይነካው ብርቱካኑ ተመለሰ፣ ሰሙ ተመለሰ፣ እግሩም ተንሸራተተ። ይባስ ብሎ ከታች አንድ ቢጫ ጥብጣብ ኮከብ እየረጨ ብቅ አለ፤ «አስደናቂ ቀለም! ሕይወት ያለው እንቅስቃሴ!» ይላል። ልክ በአባትየው ደረት ላይ ነው የሚያልፈው።

«አየህ?» አለ አንደኛ እየተፍነከነከ። «እምቢ አለህ! የማይሆን ነገር ስታዘው እኮ ያውቃል።»

«ይሄ ጥብጣብ ምንድነው?»

«ክብር ነዋ! የአንተ ስልክ እንደዚህ ጽፎልህ ያውቃል?»

ካሜራማኑ ጥርሱን ነክሶ እንደገና ሴቲንግ ገባ። እንደገና አስተካከለ። እናት እንደገና አንገታቸውን አሰገጉ። አሁንም ጥቂት ቆይቶ ያው ሆነ፤ ያውም በዚህኛው ዙር ስክሪኑ መሃል ለመሃል ነጭ መስመር አስምሮ የአባትየውን ፊት ለሁለት ከፈለው። በግራ በኩል ያለው ግማሽ ደብዛዛ፣ በቀኝ በኩል ያለው ግማሽ የሚያብለጨልጭ። ከግራው በላይ «በፊት»፣ ከቀኙ በላይ «አሁን» ይላል።

«ሰነጠቃችሁት እንዴ?» አሉ እናት። ድምፃቸው ላይ ቀልድ አልነበረም። «ተዉት በቃ። አጥፉልኝ። የማላውቀውን ሰውዬ እያየሁ ዓይኔን አልጨርስም።»

ካሜራማኑ ሪሞቱን ሶፋው ላይ ጥሎ ወጣ። ኮሪደሩ ላይ የተገተረው ቁም ሣጥን ጉልበቱን መታውና ብርጭቆዎቹ ሁሉ ተንጫጩ። እዚያው ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። አፉ ውስጥ የሳሙና የሚመስል ጣዕም አለ። የገዛ እጁ የቀረጻቸው አባቱ፣ የገዛ እህቱ ሳሎን ውስጥ፣ የጥርስ ሳሙና ማስታወቂያ ሆነው ቀሩ!

እህቱ ተከትላው ወጣች።

«ልታስመልስ ነው ወይስ ልታለቅስ?»

«አልወሰንኩም እትዬ።»

«ወስንና ግባ። አንተ እዚህ ስታኮርፍ የእሷ ዓይን ቆሞ አይጠብቅህም።»

«አላየሽውም ምን እንዳስመሰላቸው? ባልሽስ ይሄንን ነው አንደኛ የሚለው?»

«ባሌ ጨው ሲቀምስም አንደኛ ነው የሚለው። እሱን እያወቅከው ነው የዳርከኝ።» ክንዱን ያዝ አደረገችው። «ደግሞ ለእሷ ብሎ ነው ያመጣው። ይሄንን አትርሳ። እንደ ሰው አነጋግረው፤ እንደ ሙሽራ አትቆጣው።»

ተመለሰ። እናት ፊታቸውን ከስክሪኑ አዙረው በመስኮት በኩል ያለውን ብርሃን ያያሉ። አንደኛ የሪሞቱን ላስቲክ በሸሚዙ እጅጌ እያጸዳ ነው፤ ቅር ብሎታል።

«ጋሼ» አለ ካሜራማኑ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ። «ተቆጥቼ ነው፣ ይቅርታ። እስቲ ንገረኝ፣ መጀመሪያ ሲከፈት ምን አደረጋችሁ? ከካርቶኑ ስታወጡት?»

ስለ ዕቃው መጠየቅ ለአንደኛ ካሳ ነው። ፊቱ ወዲያው ፈካ።

«አይ፣ እሱንማ ባየህ! የሚገጥመው ሰውዬ ሰቀለና አበራው። ገና ሲበራ ጠየቀን። በጽሑፍ! ‹የምትጠቀሙብኝ የት ነው? ቤት ወይስ ሱቅ?› አለ። ሰውዬው ዝም ብሎ ቤት ሊል ሲል እጁን ያዝኩት። ‹አንተ፣› አልኩት፣ ‹እኔ ዕድሜ ልኬን ነግጃለሁ። ለሱቅ የተሰናዳ ዕቃ እያለ ማነው የቤቱን የሚወስድ?› ትከሻውን ነቀነቀና ሄደ። ሱቅ አልኩት!»

እህትየው ከማንቆርቆሪያዋ ጋር ቆማ ቀረች።

«ጋሼ፣ ሱቅ የሚለው እኮ ቴሌቪዥን የሚሸጡበትን ነው። ደርዘን ቴሌቪዥን ግድግዳ ላይ ሲደረደር ከጎኑ ካለው በልጦ እንዲጮህ ነው እንደዚህ የሚቀባባው። ገበያተኛ ሲነካካው ደግሞ ራሱን መልሶ ያስተካክላል። ጥብጣቡም ስንጥቁም ማስታወቂያ ነው!»

«አውቄ ነው ያልኩት» አለ አንደኛ፣ እንዳላወቀ የቀላ ጆሮው እየመሰከረበት።

«እንግዲያው ቤት በለው።»

«ቤት? ቤት ብዬ ላዋርደው? ደብዝዞ እንደ ጎረቤት ቴሌቪዥን እንዲሆን? ጠዋት ስኳር ሊገዙ የመጡት ሁሉ በመጋረጃው ቀዳዳ እያዩ አፋቸውን ይዘው ነው የሄዱት! ነገ መጥተው ምን ነካው ቢሉኝ ምን እላለሁ? የአማቴ ልጅ አዳፋ አስመሰለብኝ ልበል?»

«ጋሼ…»

«አልለውም አልኩ። ምርጡን አምጥቼ ለእማማ፣ አንተ ደግሞ ከኋላ የሚደረደረውን ስጣቸው ትለኛለህ።»

ይህን ያለው ከልቡ ነበር፤ ካሜራማኑን የበለጠ የጎዳውም ይኸው ነው። በክፋት ቢሆን ይጣላው ነበር። በፍቅር ተነስቶ በእናቱ ፊት አባቱን ሰም የሚቀባን ሰው ግን ምን ይሉታል?

«ልጄ» አሉ እናት ከመስኮቱ ዞረው። «ና እስቲ አንተ።»

አንደኛ ተነስቶ ሄደ። ከወንበራቸው አጠገብ ቁጢጥ አለ። «አቤት እማማ።»

«ጠዋት ቲማቲሙን የምትወለውለው ለምንድነው?»

«እንዲሸጥ ነዋ እማማ።»

«እንግዲህ እኔ ባሌን አልሸጥም። ገበያ ባወጣውም የሚገዛኝ አላገኝም።» እጃቸው አየሩን ዳብሶ ትከሻውን አገኘ። «ያኔ ስወስደውም ሲያነክስ እያየሁ ነው የወሰድኩት። ማንም አልወለወለልኝም። እንደዚያው አድርገህ መልስልኝ።»

ከሱቁ በኩል አንዲት ሴት «ባለቤት የለም?» ብላ ተጣራች፤ ለዓመታት ሆኖ የማያውቅ ነገር ሆነ፣ አንደኛ አልመለሰላትም። ተነሳ፣ ሪሞቱን አነሳ፣ ለካሜራማኑ ግን አልሰጠውም። እሱ ያሰረውን እሱ ነው የሚፈታው። አማቹ በጆሮው እየነገረው ሴቲንጉን ከላይ እስከ ታች ፈተሸ፤ ጥያቄዋ ስትመጣ ዓይኑን ጨፍኖ «ቤት» የሚለውን ተጫነ።

ስክሪኑ ጨለመ። ሲመለስ ጸጥ ያለ ነበር።

«ደበዘዘ» አለ አንደኛ፣ የሰው ሞት እንደሚያረዳ። «በቃ፣ ደበዘዘ።»

ካሜራማኑ ልስላሴውን አጠፋና ምስሉን አስጀመረ። ቁጭ አላለም፤ ከእናቱ ወንበር ጀርባ ቆመ። በሩ ተከፈተ። ግራጫ ግንብ፣ ጭቃ የነካው ሣር፣ ደመናማ ቀን። ቀኝ እግሩ ወጣ፤ ተጎተተ፣ ቆመ፣ ተተከለ። እንደገና ተጎተተ፣ ቆመ፣ ተተከለ። ሁሉም የሰሙን መመለስ ይጠብቃል፤ እህትየው ከንፈሯን ነክሳለች። አልተመለሰም። አናጢው እያነከሱ እስከ ካሜራው ድረስ መጡ፤ ግንባራቸው ተሸነታትሯል፣ ከቅንድባቸው ላይ ያ ቀባቢ ማሽን እንደ ቆሻሻ ቆጥሮ ጠርጎት የነበረው ሰጋቱራ አንድ በአንድ ይታያል።

እናት አላለቀሱም። ወንበራቸው ላይ ቀጥ አሉ።

«ይኸው መጣ!» አሉ። «እዩት! የሸሚዙን ቁልፍ አዛብቶ ቆልፎ! ስንት ጊዜ ነግሬዋለሁ! ሰማህ አንተ? ሰጋቱራህን ሳታራግፍ እንዳትገባ!»

«ሥራ የለህም አንተ?» አሉ አናጢው ከስክሪኑ።

«እሱን እንኳ ልክ ብለዋል» አለ አንደኛ። ሳያስበው ሳቀ፤ ከዚያ አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገ። እናት ድገሙልኝ አሉ። ደገሙላቸው። አሁንም ድገሙልኝ አሉ። ሻዩ ቀዘቀዘ፣ ሴትዮዋም ስኳር ፍለጋ ወደ ሌላ ሱቅ ሄደች።

በሳምንቱ ካሜራማኑ ተመልሶ መጋረጃውን ሲገልጥ ዜና አንባቢው እንደ ድሮው ብርቱካን ሆኖ ጠበቀው። ጥብጣቡም በክራቫቱ ላይ ኮከቡን ይረጫል።

«ጋሼ!»

«እ? ለእማማ ቤት ነው፤ ለዜና ሱቅ ነው» አለ አንደኛ ሳያፍር። «እሳቸው አባትህን ባሰኛቸው ቁጥር እቀይራለሁ፣ ሲጨርሱ እመልሳለሁ። አውራ ጣቴ እስኪላጥ! ደንበኛዬን ምን ላሳይ ነው የምትለው?»

ካሜራማኑ ከዚህ በላይ አልተከራከረም። ወንበር ሳበና ጀርባውን ለስክሪኑ ሰጥቶ ተቀመጠ። ፊት ለፊቱ እናቱ ናቸው፤ ጉንጫቸው ላይ ያ የሚያስጠላ ብርሃን ይጨፍራል፣ ግንባራቸውን ብርቱካን ቀብቶታል። ሻዩን እንደያዘ ወንበሩን ትንሽ ወደ ግራ አስጠጋ፣ ከዚያ ደግሞ ትንሽ፤ ጥላው ፊታቸው ላይ አርፎ መጨማደዳቸው እስኪመለስ ድረስ።

«ምን ትጋርደኛለህ ልጄ?»

«ብርቱካን እየሆንሽብኝ ነው እማዬ።»

«ልሁን! ፈቀቅ በል፣ ዜናውን ልይበት።»